ቆቃ ላይ ማልተስን ማንበብ

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ22 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ120 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው ግድብ ግን ያው ነው፤ የማመንጨት አቅሙም ያው 43 ሜጋዋት። ከሥሩ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 ተጨምረዋል፤ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ ውሃው እየተመጠነ የሚለቀቅለት ከዚሁ ነው፤ አዳማም የምትጠጣው አዋሽን አጣርታ ነው። ሕዝቡ ወደ ስድስት እጥፍ ሲሄድ ሐይቁ ደለል እየሞላው መጥቷል። ለማልተስ ተከታይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም። ነገሩ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም።

እንግሊዛዊው ቄስና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ሮበርት ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ስሙን ሳይገልጽ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝብ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ ሲባዛ ምግብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ብቻ ይጨምራል አለ። ክፍተቱን የሚዘጋው ወይ ረሃብ፣ ጦርነትና ወረርሽኝ ነው፤ ወይም ሰው ትዳሩን አዘግይቶ ራሱን ሲገታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1803 ባወጣው ሰፊ እትም ደግሞ ማስረጃ ፍለጋ ዓለምን አዳረሰ። ስለ አፍሪካ የጻፈው ምዕራፍ የጄምስ ብሩስን የጉዞ መጽሐፍ ስለሚጠቅስ፣ እኛም አቢሲኒያ በሚል ስም ከጅምሩ በክርክሩ ውስጥ አለን። አገራችንን በሕዝብ ብዛትና በረሃብ መመዘን የቴሌቪዥን ዘመን ፈጠራ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ከማልተስ በኋላ የመጡት ተሟጋቾች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባዮሎጂስቱ ፖል ኤርሊክና የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ጁሊያን ሳይመን በአምስት ማዕድናት ዋጋ ተወራርደው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋው ወርዶ በመገኘቱ ኤርሊክ ከፍሏል። ውርርዱ ዝነኛ ቢሆንም ለገበሬ አገር የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ለእኛ ይበልጥ የምትቀርበው ዴንማርካዊቷ ኤስተር ቦዝረፕ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመችው መጽሐፍ የማልተስን አካሄድ ገለበጠችው፦ ሰው ሲበዛና መሬት ሲጠብ ገበሬው ዘዴውን ይለውጣል፤ ማሳ ማሳደሩን ይተዋል፣ ያዳብራል፣ ያጠጣል፣ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያመርታል። እሷን የሚደግፍ ምስክር አገራችን ውስጥ አይጠፋም። ወላይታና ከምባታ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጠባብ መሬት ላይ የኖረው በእንሰት ነው። በአንጻሩ ከእነዚሁ አካባቢዎች ወጣቶች ለሸንኮራ ቆረጣ ወደ ወንጂ፣ ለቀን ሥራ ወደ ስምጥ ሸለቆ እርሻዎች ሲወርዱ መኖራቸው፣ ዘዴም ወሰን እንዳለው ያሳያል።

በቆቃ ዙሪያ ያለው የመስኖ ማሳ የቦዝረፕን ሐሳብ በዓይን ያሳያል። ከሐይቁና ከአዋሽ ዳር የውሃ ሞተር ያንኳኳል፤ ቱቦው ውሃውን ቦዩ ራስ ላይ ያፈሰዋል፤ ውሃ የሚያጠጣው ልጅ በባዶ እግሩ እየተራመደ አንዱን መደብ በአፈር ዘግቶ ሌላውን በአካፋ ይከፍታል። ሽንኩርቱ ወይም ቲማቲሙ ሲደርስ አይሱዙ ማሳው ድረስ ገብቶ ይጭናል። ብዙ ጊዜ መሬቱ የገበሬው፣ ሞተሩ፣ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና ኬሚካሉ የባለ ገንዘቡ ነው፤ ወጪ ተነሥቶ የተረፈውን ይካፈላሉ። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም ድርሻ አለው፤ አዳማ ሬድ እና ቦምቤ ሬድ የሚባሉትን የሽንኩርት ዝርያዎች ሳያውቅ በዚህ አካባቢ አትክልት የሚነግድ የለም። ዝናብ ጠብቆ በዓመት አንዴ ያመርት የነበረ መሬት ዛሬ ክረምት ከበጋ ይሠራል። እዚህ ላይ የማልተስ የመደመር ስሌት አይሠራም።

የማልተስ ትልቁ ድክመት ግን ረሃብን ሲያስረዳ ነው የሚታየው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ አማርትያ ሴን በኋላ እንዳሳየው፣ የአገሪቱ ምርት ያን ያህል አላሽቆለቆለም። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋም እንደ ረሃብ ዘመን አልናረም። እንዲያውም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። የታጣው የመግዛት አቅም ነው፤ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ አጣ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1958 እስከ 1977 ያለውን ጊዜ መርምረው ጣታቸውን በዝናብ ላይ ሳይሆን ገበሬውን አቅመ ቢስ ባደረገው ሥርዓት ላይ ቀሰሩ። ደርግ ግን በ1977 ዓ.ም. የማልተስን መንገድ መረጠ፦ የሰሜኑ መሬት አርጅቷል፣ ሰው በዝቶበታል ብሎ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ብዙዎቹ ሳይወዱ ሄዱ፤ በየሰፈራው በበሽታና በእንግልት ያለቀውም ጥቂት አይደለም። የሰውን ብዛት ከመሬቱ ስፋት ጋር አካፍሎ ፖሊሲ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ትምህርት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ማልተስን ከነመጽሐፉ አያስጥልም። ወደ ቆቃ የሚገባው ደለል ከየት መጣ? ከላይ ካለው የሸዋ ደጋ ነው። በአገሪቱ ከግማሽ በላይ የሆነው ገበሬ ከአንድ ሄክታር በታች ይዞ ለልጅ ማካፈል ሲኖርበት፣ ለግጦሽ የቆየው ዳገት ይታረሳል፤ ዛፉ ይቆረጣል፤ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። የሕዝብ ጫና ሐይቁን የጎዳው ዳር ላይ በሰፈረው ሰው ብቻ ሳይሆን ቆቃን አይቶት በማያውቅ ገበሬ ሞፈር ነው። ግድቡ በጠበበ ቁጥር ክረምት ላይ ውሃ መልቀቅ ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከታች ያለው ገበሬ ማሳ ይጥለቀለቃል።

ሌላው ብክለት ግን በልጅ ብዛት የሚሳበብ አይደለም። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂና በአዋሽ ወርዶ እዚሁ ይጠራቀማል። ውሃው አረንጓዴ የሚሆነው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው መርዝ የሚያመነጭ አልጌ ሲፈላበት ነው። እምቦጭም ቢሆን ጣና ላይ ስሙ ከመግነኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በአገራችን የተመዘገበው እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ማምለጥም አያዋጣም፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የወንጂን ልጆች ጥርስ አበላሽቷል። ስለዚህ ቆቃ አጠገብ ያለ ሰው ውሃ ሞልቶለት የሚጠጣው ያጣል። ማልተስ ሀብትን በብዛት ብቻ ለካ፤ ሀብቱን ማን እንደሚያበላሸውና ማን ሊከለክል እንደሚገባው አልጠየቀም። የቆቃ ችግር ትልቁ ክፍል ደግሞ ይኸው ነው።

ሰው ራሱን ይገታል ወይ ለሚለው መልሱ ተገኝቷል፤ መንገዱ ግን ማልተስ የሰበከው አይደለም። እሱ የወሊድ መከላከያን እንደ ነውር ያይ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ከ7.7 ወደ 4 ገደማ ማውረድን ግብ አደረገ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ መርፌውና ክኒኑ ቀበሌ ድረስ ወረደ። በ1992 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች 8 በመቶው ብቻ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 36 በመቶ ደረሱ። የልጆች አማካይ ቁጥርም 4.6 ሆነ፤ በኦሮሚያ 5.4፣ በአዲስ አበባ 1.8። አዲስ አበባ ሴት ልጅ ትማራለች፣ ትሠራለች፣ ቤት ኪራይ ትከፍላለች፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው ብሂል እዚያ ብዙ ሰሚ የለውም። ቢሆንም ወጣቱ ብዙ ስለሆነ፣ ወሊድ ቢቀንስም የሕዝቡ ቁጥር ለአሥርት ዓመታት ማደጉ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ክርክር የቆመው ደግሞ በግምት ላይ ነው። በ1976 ዓ.ም. 42 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 73 ሚሊዮን ተኩል አልፈን ተቆጠርን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ቀኑ ደርሶ ደጋግሞ ተራዝሟል። ለመስኖ፣ ለመጠጥ ውሃና ለጤና ጣቢያ በጀት የሚመደበው እስካሁን ከ1999ኙ ቆጠራ ተነሥቶ በተሰላ ቁጥር ነው።