የተመልካች ደቂቃ

አዲስ የዩቲዩብ ቻናል የከፈተ ሰው ስልኩን ባነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው የሰብስክራይበሩን ብዛት ነው። አይፈረድበትም። ቁጥሩ ከሁሉ ጎልቶ የተቀመጠ ነው፤ ቻናሉን ሞኒታይዝ ለማድረግ ሲጠይቅም ቀድሞ የሚነገረው 1,000 ሰብስክራይበር የሚለው መስፈርት ነው። እኔ ግን ጀማሪ ከሰብስክራይበር ቁጥር ይልቅ አንድ የማያውቀው ሰው ቪዲዮውን ከፍቶ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ቢከታተል ይሻለዋል እላለሁ። ሰዎች ከቆዩ ሰብስክራይበሩ ተከትሎ ይመጣል። ሳይቆዩ በሌላ መንገድ የተሰበሰበ ሰብስክራይበር ግን ለቻናሉ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ይህን ለማለት የሚያበቃው የዩቲዩብ አሠራር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2012 ድረስ ቪዲዮዎች ከፊት የሚቀርቡት በዋናነት ስንት ጊዜ እንደተከፈቱ ታይቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ሰው በአሳሳች ርዕስ ተስቦ ገብቶ በአምስት ሰከንድ ቢወጣም ለቪዲዮው ባለቤት ተቆጥሮለት ያልፍ ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያው ሚዛኑን ወደ ቆይታ ጊዜ አዞረ። በ2016 የጉግል መሐንዲሶች ያሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ ዩቲዩብ ለተመልካች ቪዲዮ የሚጠቁምበትን ሥርዓት ውስጡን አሳየ፦ ከሚሊዮኖቹ ቪዲዮዎች መካከል መጀመሪያ ለአንዱ ተመልካች ይስማማሉ የተባሉ ጥቂት መቶዎች ይለያሉ፤ ከዚያም ተመልካቹ እያንዳንዱን ምን ያህል ጊዜ ሊያየው እንደሚችል እየተገመተ በደረጃ ይቀመጣሉ። ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ ተመልካቹ ባየው ነገር መርካት አለመርካቱም በመጠይቅ ይለካል። በ2018 የኩባንያው የምርት ኃላፊ የነበረው ኒል ሞሃን በዩቲዩብ ላይ ከሚጠፋው የዕይታ ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚመጣው ከዚህ ጥቆማ እንደሆነ ተናግሯል። እንግዲህ ጀማሪውን ከማያውቁት ሰዎች ጋር በዋናነት የሚያገናኘው ይህ ጥቆማ ነው፤ ጥቆማው ደግሞ ቆይታን አጥብቆ ይመለከታል።

በቴሌግራም ቡድኖች የተለመደው «ሰብስክራይብ አድርጉልኝ፣ እኔም አደርጋለሁ» የሚለው ልውውጥ የሚከሽፈውም ለዚህ ነው። ከዩቲዩብ ደንብ ውጭ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሒሳቡ ራሱ ግን አያዋጣም። ዩቲዩብ ገቢ የሚያካፍልበት ፕሮግራም ክፍት በሆነባቸው አገሮች ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል በረጃጅም ቪዲዮ የሚጠየቀው 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ነው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ አንድ ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ከሆነ ቪዲዮዎቹ 240,000 ጊዜ መከፈት አለባቸው፤ ስድስት ደቂቃ ከቆየ ግን 40,000 ይበቃል። በልውውጥ የመጡት 1,000 ሰዎች ብቻ ይሙሉት ቢባል እያንዳንዳቸው አራት አራት ሰዓት መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ሰብስክራይብ ያደረጉት ውለታ ለመመለስ ስለሆነ አይቀመጡም። አዲስ ቪዲዮ ሲቀርብላቸውም ሳይከፍቱት ያልፉታል።

ቆይታ እንዴት ይገኛል የሚለውን በአንድ ቪዲዮ ላይ እንየው፤ ስለ እንጀራ አብሲት የተሠራ ይሁን። የሚፈልገው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቃል፦ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ሊጡን አቡክቶ፣ አስፍቶ ሲያበቃ እንጀራው ዓይን አላወጣ ያለው ሰው ነው። ቪዲዮውን ሲከፍት ግን የቻናሉ አርማ በሙዚቃ እየተሽከረከረ ይቀበለዋል። ቀጥሎ «ሰላም የቻናሌ ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ፣ ላይክ ሼር አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኑ» ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ 40 ሰከንድ ሄዷል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ የቆይታ ግራፍ አለ፤ በ30ኛው ሰከንድ ላይ ከመቶ ስንቱ እንደቀረ ለብቻው ያሳያል። እንዲህ ያለ አጀማመር ሲኖር መስመሩ ገና ከመነሻው ቁልቁል ይወርዳል። ያው ቪዲዮ አክምባሎው ሲነሳና ሁለት እንጀራ ጎን ለጎን፣ ዓይናማውና ድፍን ሆኖ የቀረው፣ ሲታዩ ቢጀምር፣ «ልዩነቱን ያመጣው አብሲቱ ነው» ተብሎ በቀጥታ ወደ ድስቱ ቢገባ፣ ያ ሰው የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ሰላምታውን መቁረጥ አያስፈልግም፤ አሥር ሰከንድ ይበቃዋል፣ እሱም ትንሽ ቆይቶ።

ግራፉ መውረዱን ብቻ አይደለም የሚነግረው። ተመልካቾች ወደ ኋላ መልሰው የሚያዩት ቦታ ላይ መስመሩ ሽቅብ ይላል። የአብሲቱ ውፍረት በማማሰያ ሲታይ እንዲህ ካለ፣ ሰው ውፍረቱን መለየት እንደቸገረው ግልጽ ነው፤ የሚቀጥለው ቪዲዮ ርዕስ ተገኘ ማለት ነው። አብሲቱን የተማረ ሰው ስለ እርሾ፣ ስለ ምጣድ ሙቀት፣ ጤፍን ከሌላ ዱቄት ጋር ስለመደባለቅ ማወቅ መፈለጉ አይቀርም። ሰብስክራይብ የሚያደርገውም እነዚህን ሲጠብቅ ነው። ዛሬ እንጀራ፣ ነገ የአርቲስቶች ወሬ፣ ከነገ ወዲያ ፖለቲካ የሚለጥፍ ጀማሪ ግን በየጊዜው ከዜሮ ይነሳል፤ ያመጣው ተመልካች ለሚቀጥለው አይሆንለትም።

«ግን እኮ ሰው የሚከፍተው ጉድ ፈላ የሚል ርዕስ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ርዕስና የሽፋን ምስል ወሳኝ መሆናቸው እውነት ነው። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ፣ ለሰው ከቀረቡባቸው ጊዜያት የሚከፈቱት ከ2 እስከ 10 በመቶውን ነው፤ ሁሉም በዚያች ጠባብ በር ነው የሚያልፈው። ነገር ግን ርዕሱ የሰጠውን ተስፋ ቪዲዮው ካልፈጸመ፣ የተከፈተው ሁሉ አጭር ቆይታ ሆኖ ይመዘገባል። «እንጀራ ዓይን የማያወጣበት ምክንያት» የሚል ርዕስ የሚጠራው ያ ቸግሮት የሚፈልገውን ሰው ነው፤ ጉድ ሊያይ የመጣው ጉዱን ሲያጣ ይወጣል።

ሾርት የሚባለው አጭር ቪዲዮ ይፈጥናል የሚሉም አሉ። ይፈጥናል። ነገር ግን በሾርት ፊድ የታየው ጊዜ ከ4,000 ሰዓቱ ጋር አይደመርም፤ በሾርት ብቻ መስፈርቱን ለመሙላት በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ዕይታ ያስፈልጋል፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው የማስታወቂያ ገቢ ድርሻም 45 በመቶ ነው፣ በረጅሙ ቪዲዮ 55 ሲሆን። ሾርትን ወደ ረጅሙ መጋበዣ ማድረግ ጥሩ ነው፤ መላውን ቻናል በሱ ላይ ማቆም ግን አልመክርም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ቆይታን ማሳደድ ሥራን ያበላሻል፣ የአምስት ደቂቃውን ነገር ወደ ሃያ ያስጎትታል የሚለው ነው። አደጋው አለ፤ በአማርኛ ቻናሎችም ይታያል። እኔ ግን ቆይታን በደንብ የሚያነብ ሰው ወደ ተቃራኒው ይሄዳል ባይ ነኝ፤ ጉተታው በግራፉ ላይ ሰው እየወጣ ስለሚታይ። በተለይ አገር ቤት ያለው ብዙ ተመልካች ለእያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪሱ ይከፍላል፤ ባዶ ሁለት ደቂቃ ከገንዘቡም ከጊዜውም የተወሰደ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ከተለጠፈ ጥቂት ቀን በኋላ ግራፉ ይከፈት፣ ሰው የወጣበት ሰከንድ ላይ ምን እየተባለ እንደነበር ይደመጥ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከሚቀጥለው ቪዲዮ ይውጣ።