ቀባሪ ያለው፥ አስታማሚ ያጣ ድኻ

አባቶቻችን ለሰው የመጨረሻውን ወዳጅ «ጧሪ ቀባሪ» ብለው ሲጠሩት ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ አስረው ነበር። ዛሬ ግን ቀባሪው በርክቶ ጧሪው ሳስቷል።

በምሥራቅ ጎጃም በመርጡለ ማርያም፥ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው የጥንት ሕንጻ ፍራሽ በሚገኝበት ቅጥር ደጅ፥ እንደ ሌሎቹ ገዳማትና አድባራት ሁሉ፥ ዘመድ የሌላቸው ነዳያን ይጠለላሉ። ከእነርሱ አንዱ ባረፈ ጊዜ ካህናት ይፈቱታል፤ መግነዝ አይታጣለትም፤ ምእመናንም ይሸኙታል። ከዚያ በፊት ግን በሕመም ሲቃትት በሰነበተባቸው ሌሊቶች ውሃ የሚያቀብለውና ጐኑን የሚያገላብጠው ማን ነው?

ባለጸጋ ሲታመም ልጆቹ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ አልፎም ወደ አዲስ አበባ ያደርሱታል። ድኻው የመኪና ኪራይ ስለሌለው ከመደቡ ላይ ይቀራል። ዕድርም የሚደርስለት ከሞተ በኋላ ነው፤ ያውም መዋጮውን የከፈለ እንደ ሆነ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና ያሻቸዋል፤ የሚያገኙት ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህ ሕክምና የማይድን ደዌ የያዘውን ሰው ሕመሙን ማቅለል፥ ቁስሉን ማጠብ፥ ልቡን ማጽናናት ነው። የሚዋጠው ፈሳሽ ሞርፊን ዋጋው ውድ አይደለም፤ በሐኪም ትእዛዝ በልኩ ሲሰጥም ሥቃይን ያስታግሣል እንጂ ሞትን አያፋጥንም።

በአገራችንም ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በሽተኞችን በየቤታቸው እየጐበኘ፥ ሥራው የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። የጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። ሆኖም ርዳታው እስከ ገጠሩ ድኻ ጐጆ ገና አልዘለቀም።

ስለዚህ በእጃችን ካለው መጀመር ይገባናል። ዕድሩ ከቀብር ገንዘቡ ጥቂቱን ለሕያው በሽተኛ ይመድብ፤ የሰንበቴው ማኅበር በየተራ አስታማሚ ይላክ፤ የቀበሌው የጤና ሠራተኛም ሕመሙ ሳይጠና ትጠራ። የንስሓ አባት የሌለውም ድኻ አንደበቱ ሳይዘጋ ካህን ይድረስለት።

በማቴዎስ ወንጌል 25ኛው ምዕራፍ ጌታችን ለራሱ እንደ ተደረገለት የቈጠረው የታመመውን መጠየቅ ነው። እንግዲህ መግነዝ የማንነፍገውን ሰው፥ በሕይወቱ ሳለ ጥርኝ ውሃ እንዳንነፍገው እንጠንቀቅ።