ከአርባ በኋላ ወደ ከምባታ

በከምባታ ከተሞች፣ በአዲሎም ሆነ በዱራሜ፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ስለ ነገው ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ጡረታና ልጁ ከደቡብ አፍሪካ የሚልክለት ገንዘብ። ሁለቱም ያኖራሉ። ጧት ተነስቶ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ለሚል ሰው ግን መልስ የላቸውም። ይህን ጥያቄ በሚገባ የመለሱ ሴት ከዚሁ ከከምባታ ወጥተዋል፤ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ።

ቦጋለች የዛቶ መንደር ልጅ ናቸው። ሴት ልጅ ትምህርት ቤት በማትላክበት ዘመን ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ተደብቀው ፊደል ቆጠሩ። ኋላ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም አሜሪካ ተማሩ። ሎስ አንጀለስ ኑሮ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1997፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር ኬ ኤም ጂ የተባለውን የሴቶች ድርጅት አቋቁመው አገራቸው ገቡ።

የመጡበት ዓላማ በራሳቸው አካል ላይ የደረሰውን የሴት ልጅ ግርዛት ማስቆም ነበር። ሕዝቡ መጀመሪያ ያነሳላቸው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ድልድይ። ወንዙ ልጆችን ከትምህርት ቤት፣ ነጋዴውን ከገበያ ይለያል። ቦጋለች «የመጣሁት ለዚህ አይደለም» አላሉም። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛቱ መነጋገር የተቻለው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ገራዧ ሳትቀር በአንድ ቦታ እየተቀመጡ ለዓመታት ተወያዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም እሷን በማግባቱ መደሰቱን የሚገልጽ ጽሑፍ አንጠልጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ቦጋለችን የሸለመው የቤልጂየሙ ኪንግ ቦዱዌን ፋውንዴሽን፣ ቀድሞ አንዲትም ልጅ የማታመልጠው ግርዛት በአካባቢው ከ3 በመቶ በታች መውረዱን መስክሯል። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አረፉ።

የእሳቸው ታሪክ ዋናው ቁም ነገር፣ በእኔ እምነት፣ ያ ድልድይ ነው። በዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው እውቀትም ልምድም ይዞ ስለሚመጣ መናገር ይቀናዋል፤ እሳቸው መጀመሪያ ጠየቁ።

ብቻቸውንም አይደሉም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ የተጎዱ ሁለት ሕፃናት ለማሳደግ ይዘው ሲመለሱ ዕድሜያቸው አርባ አምስት ገደማ ነበር። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የፊስቱላ ሆስፒታልን ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ዕድሜያቸው ሃምሳ ገደማ ነበር፤ የአዋላጆች ኮሌጃቸው ሲከፈት ሰማንያ ሦስት።

ይህ ሁሉ ግን ባዶ ሆድ አይወድም። በአገራችን የጡረታ መውጫ 60 ዓመት ነው፤ ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ የታቀፉት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል። ገበሬውና የጉሊት ነጋዴዋ በዚህ ውስጥ የሉበትም። የእነሱ ጡረታ ጓሮው ነው፦ እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ ዓመታት ስለሚወስድ፣ በሃምሳ አምስት የሚበላው ቆጮ በሃምሳ መተከል አለበት።

እንግዲህ ዕድሜያችሁ ሃምሳ የተጠጋ ሁሉ፣ ዘንድሮውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የጡረታ መዋጯችሁ በስማችሁ መግባቱን መሥሪያ ቤታችሁ ሄዳችሁ አጣሩ። በቀጣዩ የዕድር ስብሰባ ደግሞ እጃችሁን አውጡና «ሰፈራችን የጎደለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ።