የዓርብ ማታ ራት

በአስመራ ባደግሁበት ቤት ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለ ነበረ ሥጋም ቅቤም አይቀርብም፤ ራታችን ሽሮ ነበረ። በትግርኛ «ጣይታ» የምንለው በአማርኛ እንጀራ፣ «ጸብሒ» የምንለውም ወጥ ይባላል፤ ሽሮ ግን በሁለቱም ቋንቋ ሽሮ ነው።

አንድ ዓርብ የአባቴ የመሥሪያ ቤት አለቃ ሳይታሰቡ በራት ሰዓት መጡ። አባቴ በገበታው አፈሩ። እናቴ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። በደቃቁ የተከተፈውን ሽንኩርት በሸክላ ድስት አቁላልተው ዘይትና በርበሬ ጨመሩ። ውሃው ሲፈላ የሽምብራውን ሽሮ ጥቂት በጥቂት እየነሰነሱ አማሰሉ፤ በአንድ ጊዜ ቢጨመር ይጓጉላልና። እሳቱን ቀንሰው እስኪንተከተክ ከጠበቁ በኋላ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨመሩበት።

እንግዳው ከእኛ ከልጆቹ ጋር ከአንድ መሶብ በሉ፤ እንጀራም አስጨመሩ። ሲሰናበቱም፣ «ቤተሰቤ በሩቅ አገር ነውና ሁልጊዜ ብቻዬን እበላለሁ። እንዲህ ያለ ራት ከቀመስሁ ቈይቻለሁ» አሉ።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሽሮ ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም። ቤትን የሚያስከብረው የወጡ ዐይነት ሳይሆን በመሶቡ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሰው መሆኑን በዚያ ማታ ተረድተውታል።