ማቴ፦ የቅጠሉ አመራረጥና የውኃው ልክ

ማቴ በፓራጓይ፣ በሰሜን ምሥራቅ አርጀንቲናና በደቡብ ብራዚል ከሚበቅል፣ ኢሌክስ ፓራጓሪዬንሲስ ከተባለ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጅ፣ ካፌይን ያለው መጠጥ ሲሆን፣ ደረቁ ቅጠል በቅል ተደርጎ ውኃ ይፈስበትና ቦምቢሻ በሚባል፣ ታችኛው ጫፉ እንደ ወንፊት በተበሳ መምጠጫ ይጠጣል። ቅጠሉን ከጥንት የሚያውቀው የጓራኒ ሕዝብ ነው፤ በሰፊው በእርሻ ያለሙት ግን የጀስዊት ሚሲዮናውያን ናቸው።

ቅጠሉ እንደተቆረጠ ሳይጠቁር በነበልባል ላይ በፍጥነት ያልፋል፣ ይደርቃል፣ ይደቅቃል፤ በአርጀንቲና ከዚያ በኋላ ለወራት ተከማችቶ እንዲበስል ሲደረግ፣ በደቡብ ብራዚል ግን ትኩሱና ደማቅ አረንጓዴው ይመረጣል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይቶ ጥራቱን መፍረድ ስሕተት ነው። ከቅጠሉ ጋር የሚታየው እንጨትም ጣዕሙን የሚያለዝብ እንጂ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ በአርጀንቲና ደንብ እንጨት ያለበት ማቴ ቢያንስ 65 በመቶ ቅጠል ሊሆን ይገባል። ዛፉ በተፈጥሮው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድግ በመሆኑ፣ ደን ተመንጥሮ ለብቻው ሲተከል የአርጀንቲናዋ የሚሲዮኔስ ግዛት ቀይ አፈር በዝናብ ይታጠባል። አስተዋይ ገዢ እንግዲህ በጥላ ሥር መብቀሉን፣ ያለ ጭስ መድረቁን፣ በሚለቅሙት ክብደት ልክ የሚከፈላቸው ቃሚዎችም ተገቢ ዋጋ ማግኘታቸውን ይጠይቃል።

ማቴን ያለ ስሙ ስም ያሰጠው ግን የፈላ ውኃ ነው። ውኃው ተንተክትኮ ሲፈስበት ምሬቱ በአንድ ጊዜ ይወጣና ቅጠሉ ቶሎ ጣዕሙን ይጨርሳል፤ ጠጪውም ጥፋቱን በቅጠሉ ላይ ያላክካል። ተገቢው ሙቀት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ውኃው ሳይፈላ፣ ማለትም ገና ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ከእሳት ማውረድ ይበቃል። ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1991 እ.ኤ.አ. ትኩስ ማቴን ካንሰር የማስከተል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ከተባሉት ጋር መድቦት ነበር፤ በ2016 ግን ጉዳዩን ዳግም መርምሮ፣ ስጋቱ ከ65 ዲግሪ በላይ በሆነ ማንኛውም መጠጥ ላይ መሆኑን፣ እጅግ ያልጋለ ማቴን ካንሰር አምጪ ነው ለማለት ግን በቂ ማስረጃ አለመኖሩን ወስኗል። በ70 ዲግሪ የተቀዳውም ቢሆን ጥቂት ሳይበርድ ሊመጠጥ አይገባም። በፓራጓይ ቴሬሬ የሚባለው ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይጠጣል፤ ይህን ልማድ ዩኔስኮ በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ሲዘጋጅ ቅሉ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላል፣ ቅጠሉ ወደ አንድ ጎን እንዲከመር ይዘነበላል፣ በጎድጓዳው በኩል ለብ ያለ ውኃ ፈሶ ከራሰ በኋላ ቦምቢሻው ይተከላል፤ ትኩሱም ውኃ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ይጨመራል። ቦምቢሻውን እንደ ማንኪያ ማማሰል ብናኙን ወደ ወንፊቱ ስለሚገፋው ይደፍነዋል። ማቴን አንድ ጊዜ ቀምሶ የተወ ሰው፣ ከመፍረዱ በፊት ውኃውን አብርዶ ዳግም ይሞክረው።