ሎጎ፦ ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ ደንበኛው ጠረጴዛ

ሎጎ የአንድ ድርጅት፣ ምርት ወይም አገልግሎት መለያ ምልክት ነው። አንዳንዱ በፊደል ብቻ ይጻፋል፣ አንዳንዱ በምስል ይወከላል፣ ብዙው ሁለቱን አጣምሮ ይይዛል። ሥዕል ቢመስልም፣ እርሳስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው ብዙ ነው።

ዲዛይነሩ አስቀድሞ ይጠይቃል። ድርጅቱ ምን ይሸጣል? ገዢው ማን ነው? ተፎካካሪዎቹ በምን ምልክትና ቀለም ይታወቃሉ? ሎጎው የሚያርፈው ታፔላ ላይ ነው፣ ፌስታል ላይ፣ ወይስ ስልክ ላይ? መልሱ በጽሑፍ ካልተያዘ፣ በኋላ «አልወደድኩትም» የሚል ቃል ሲመጣ መዳኛ አይገኝም። ቡና ላኪን የሚያስብ ሰው ጀበና ቶሎ ይታየዋል፤ ቶሎ የሚታየው ግን ለተፎካካሪውም ታይቷል።

ቀጥሎ ንድፍ ነው፤ ለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ። ኮምፒውተር መስመሩን ስለሚያጠራ ያልበሰለውን ሐሳብ ያለቀ ያስመስለዋል፤ ወረቀት ላይ የተጫረ ግን ለመጣል አያሳሳም። ላንዶር የተባለው የዲዛይን ድርጅት ባልደረባ ሊንደን ሊደር በ1994 እ.ኤ.አ. ለዕቃ አመላላሹ ፌዴክስ ሎጎ ሲያወጣ የተሞከሩት አማራጮች ከ200 በላይ ነበሩ። በእንግሊዝኛው ስም መጨረሻ፣ በ«ኢ» እና በ«ኤክስ» ፊደላት መካከል ባለው ባዶ ቦታ የተፈጠረው ቀስት የታየው ፊደላቱን በማቀራረብ ላይ ሳለ ነው። ቀስቱን ለማጥራትም ዩኒቨርስና ፉቱራ የተባሉትን የፊደል ቅርጾች አዋሕዶ አዲስ ፊደል መሥራት ግድ ሆኖበታል።

ከንድፎቹ ጥቂቶቹ ተመርጠው በቬክተር፣ ማለትም ቢያድግም ቢያንስም ጥራቱ በማይጓደል ፋይል ይሠራሉ። በጥቁርና ነጭ መጀመር ይሻላል፤ ቀለም የቅርጽን ድክመት ይሸፍናል። ከዚያ ሎጎው በጥፍር ልክ አንሶ፣ ከሩቅም ታይቶ ይፈተናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የከበደ ፈተና አለ፤ ማኅተም። ቀጭን መስመርና የተደራረበ ቀለም በጎማ ተቀርጾ በአንድ ቀለም ሲመታ ደብዝዞ ይቀራል። የድርጅቱ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲጻፍም ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ የላቲኑ ፊደል ትልቅና ትንሽ መልክ ሲኖረው የግዕዙ የለውም፤ ስለዚህ የሁለቱ ውፍረትና ቁመት በዓይን ተመዝኖ ይስተካከላል። ተመሳሳይ ምልክት አስቀድሞ መኖር አለመኖሩም እዚህ ላይ ይጣራል።

ለደንበኛው ሲቀርብ ብዙ አማራጭ መደርደር ለጋስነት ይመስላል፤ ነገር ግን ውሳኔውን ዲዛይነሩ ሸሽቶ ለደንበኛው መተዉ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። አሜሪካዊው ዲዛይነር ፖል ራንድ ከዚህም ያጠበበ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ጆብስ ለኮምፒውተር ኩባንያው ለኔክስት ሎጎ ሲያሠራ አማራጮች ቢፈልግም፣ ራንድ በ100,000 ዶላር ያቀረበው አንድ ብቻ ነበር፦ በ28 ዲግሪ ያዘመመ ጥቁር ኪዩብ። ምልክቱን ብቻ ግን አላቀረበም፤ ከሐሳቡ መነሻ እስከ ፍጻሜው ገጽ በገጽ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አብሮ ሰጠ። ስሙ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ቢጻፍ በር ላይ ከሚለጠፈው «ኤግዚት» (መውጫ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር እንደሚምታታ፣ አንዱን ፊደል ትንሽ ያደረገውም ለዚህ እንደሆነ በዚያ ውስጥ አብራርቷል። እንዲህ ያለ ድፍረት የራንድ ስም ለሌለው አያዋጣ ይሆናል፤ ምክንያትን ከሥራው ጋር ማቅረብ ግን ለማንም ይሆናል።

ሎጎው ብቻውን ነጭ ገጽ ላይ ሳይሆን በሚውልበት ዕቃ ላይ፣ በታፔላው፣ በደረሰኙ፣ በመኪናው በር ላይ ሆኖ ይታያል። ደንበኛው «ወርቃማ ይጨመርበት» ቢል ወርቁን ከመቀባት በፊት የጎደለው ምን እንደሆነ ይጠየቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ክብር ነው፣ እሱም በፊደሉ ሊመጣ ይችላል።

ከተፈቀደ በኋላ ባለቀለሙና ባለአንድ ቀለሙ ፋይል፣ የቀለም ቁጥሮቹና የአጠቃቀም መመሪያው ለደንበኛው ይሰጣሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሎጎው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በንግድ ምልክትነት ሊመዘገብ ይችላል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል።