የዛፍ ጢም፤ መድኀኒትነቱና መርዝነቱ

በሰሜን ተራሮች ወይም በባሌ ደጋ የተጓዘ ሰው፥ ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገውን ግራጫማ አረንጓዴ ነገር ሳያይ አይመለስም። ብዙ ሰው የዛፉ አካል ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፈንገስና አልጌ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ራሱን የቻለ ፍጥረት ነው። በሳይንስ ቋንቋ ላይከን ይባላል፤ ይህ ጢም መሳይ ወገኑም ኡስኒያ ተብሎ ተሰይሟል።

ፈንገሱ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ኡስኒክ አሲድ የተባለው ብጫ ቅመም ነው። በ1944 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 42 ዓይነት ላይከኖችን ቢመረምሩ፥ 27ቱ የባክቴሪያን እድገት የሚገቱ ሆነው ተገኙ። በ1950ዎቹም በፊንላንድና በጀርመን ኡስኒክ አሲድ ያለበት የቆዳ ቅባት ተዘጋጅቶ ለቁስል ውሏል።

ይሁን እንጂ የቅመሙ ኀይል ወሰን አለው። ብጉንጅ የሚያመጣውን ስታፊሎኮከስ ይገታል፤ የታይፎይድን ባክቴሪያ ግን የውጭ ሽፋኑ ስለሚከላከልለት እምብዛም አይነካውም። ደግሞም በውኃ አይሟሟም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ላይከኑን ቀቅሎ ውኃውን የሚጠጣ ሰው ያሰበውን መድኀኒት አያገኝም።

በሳሕን ላይ ባክቴሪያን የገታ ነገር ሁሉ ለሆድ ይስማማል ማለትም አይደለም። ይህንንም ቅመም ለመክሳት ብለው በክኒን የዋጡ ጤነኛ ሰዎች ጉበታቸው ክፉኛ ስለ ተጎዳ፥ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኀኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ክኒኑን ማንም እንዳይወስድ አስጠንቅቋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኡስኒክ አሲድ ወደ ሕዋስ ሲገባ ምግቡ ይቃጠላል፥ ነገር ግን ከሚቃጠለው ምግብ ሊገኝ የሚገባው ኀይል በከንቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እንግዲህ ሰውየውን ያከሳዋል የተባለውና ጉበቱን የሚገድለው ያው አንድ ሥራ ነው! ሻጮቹ የነገሩት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

በቆዳ ላይ እንኳ ሁሉን ሰው አይስማማም፤ ላይከን የለበሰ ዛፍ የሚቆርጡ ሠራተኞች እጅና ፊታቸው በሽፍታ የሚያሳክካቸው ጊዜ አለ። ስለዚህ ተማሪ ቢቆስል፥ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይሻላል እንጂ ከዛፍ የተለቀመውን ላይከን ማሰር አይገባም። ላይከን ወይም ከእርሱ የተሠራ ክኒን የወሰደ ሰው ዓይኑ ብጫ ቢሆን፥ ሽንቱ ቢጠቁር ወይም ያለ ምክንያት ቢደክም፥ የወሰደውን ነገር ትራፊ ይዞ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።